የየኔታ ይግዛው ቋጠሮ

የኔታ ይግዛው ማረፋቸውን የነገረኝ ሬድዮ ሊያስጠግን ወደ ሱቄ የመጣ የሮብ ገበያ ሰው ነው። የሬድዮውን ጀርባ ከፍቼ ሽቦውን ስነካካ፣ «የኔታ ይግዛውም አረፉ፤ ነገ ይቀበራሉ» አለኝ። መፍቻው ከእጄ ወደቀ።

«ፍርዱ ሳይሰጥ?» አልኩት።

ሰውዬው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ሬድዮውን አየ። ጤንነቴን የተጠራጠረ ይመስለኛል። ሬድዮውን ግን ይዞ አልሄደም፤ በቁይ ከተማም በዙሪያዋም ከእኔ የተሻለ ጠጋኝ እንደሌለ ያውቃል።

ስለ ራሴ ብዙ አልናገርም። ማንም ያላስተማረኝ ሰው መሆኔን ብቻ እወቁልኝ። ፊደል የለየሁት አጎቴ መዝሙረ ዳዊት ሲደግም ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ነው። እሱ መጽሐፉን ወደ ራሱ አዙሮ ስለሚይዝ እኔ ፊደሉን የለመድኩት ተገልብጦ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ መጽሐፍ ተቃንቶም ተገልብጦም እኩል አነባለሁ፤ ይህን የሚችል ሊቅ ካለ ይምጣና እንተያይ። ሰዓት መጠገን ለብቻዬ ተማርኩ፤ ሬድዮም ለብቻዬ። የኔታ ይግዛውም ቢሆኑ አንድ ትምህርት እንኳ ጨርሰው አላስተማሩኝም። እሳቸውን የማልረሳቸውም ለዚህ ነው፤ ምንም ነገር ጨርሰው አያስተምሩም ነበር።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ሲገባ የኔታ እዚያው መጻሕፍት ያስተምሩ ነበር። ገና የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ናቸው። አንድ የጣሊያን ሹም ሕዝቡን ሰብስቦ፣ «ይህን አገር ለእኛ የሰጠን እግዚአብሔር ነው፤ ካህናትም ይህንኑ ስበኩ» ብሎ በአስተርጓሚ አስነገረ። ሰው ሁሉ እንዳቀረቀረ የኔታ ብድግ አሉና፣ «በምን ታወቀ?» ብለው ጠየቁ።

ሹሙ አስተርጓሚውን «ምን ይላል?» አለው። አስተርጓሚው ደግ ሰው ኖሮ፣ «አሜን ነው የሚለው» ብሎ መለሰለት። እውነቱ የታወቀው ወደ ማታ ነው። የጣሊያን ወታደሮች ቤታቸውን ሲከብቡ የኔታ በአንድ ለምድና በአንድ ዱላ ወደ ጮቄ ተራራ መንገዱን አጋምሰውት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከተማው ውስጥ የሚጠብቃቸው የመስቀያ ገመድ ብቻ ነው።

የእኛ አገር ከሮብ ገበያ በላይ፣ ከጮቄ ሥር ነው። ጣሊያን ከተማው ውስጥ ምሽጉን አጥሮ ተቀመጠ እንጂ ደጋው የአርበኞች ነበር። የአርበኞቹ አለቃ ፊታውራሪ አስማረ ናቸው፤ በሰላሙ ሰዓት ዳኛም እሳቸው። ለየኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ አንድ ጎጆ ሰጧቸው፤ የአርበኞች ልጆችንም ሰበሰቡላቸው። ዘጠኝ ነበርን፤ እድሜያችን ከአሥራ ስድስት እስከ ሃያ። ዛሬ ቢሆን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ከሁሉ ፈጣኑ እኔ ነበርኩ፤ ይህን የምለው እውነት ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ዳዊት ያወጣሉ ብለን ስንጠብቅ፣ «እግዚአብሔር አለ?» አሉን።

«አለ!» አልን ዘጠኛችንም።

«በምን ታወቀ?»

አንዱ ጓደኛችን፣ «የኔታ፣ እናቴ ነግራኛለች» አለ።

«እናትህ ደግ ሴት ናቸው። የጎረቤትህ እናት ግን የለም ብትልስ?»

«እንደሱ የምትል እናት እኛ አገር የለችም!»

«እንግዲያው እኔ ልሁናት» አሉና ለምዳቸውን ገለበጡት።

ይህ ለምድ የበግ ቆዳ ነው። ለብርዱ ጠጉሩን ወደ ውስጥ አድርገው ይለብሱታል። ጠጉሩን ወደ ውጭ ሲያዞሩት ግን የኔታ መሆናቸው ቀርቶ ከሃዲ ሆኑ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚናገሩት ሁሉ የከሃዲው ቃል ነው፤ እኛ ደግሞ ጠበቃ ሆነን መርታት አለብን። የአባቶቻችንን የችሎት ደንብ ታውቃላችሁ፤ ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ የሸማቸው ጫፍ ለጫፍ ይቋጠርና ዳኛ እስኪለያቸው አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ቁራኛ ይባላል። የኔታም እንደዚሁ የጋቢያቸውን ጫፍ ከተከራካሪው ሸማ ጋር ይቋጥሩታል። «ነገር ሲጠብብህ እንዳትሸሽ ነው» ይላሉ። አንዱ እስኪረታ ወይም የዕለቱ ክርክር እስኪያበቃ ድረስ ማንም አይፈታም።

አንድ ቀን እኔ ተቋጠርኩ። በደንብ ተዘጋጅቼ ነበር። «ዛሬ ጠዋት ጭቃው ላይ የበቅሎ ኮቴ አየሁ» አልኩ። «በቅሎዋን አላየኋትም፤ ግን እንዳለፈች አውቃለሁ። ሰማይና ምድርም የእግዚአብሔር ኮቴ ነው።»

ጓደኞቼ አጨበጨቡ። የኔታ የተገለበጠውን ለምዳቸውን እየዳበሱ፣ «ግሩም ነው» አሉ። «በቅሎዋ ግን አንድ ናት ሁለት?»

«አንድ ትሆናለች።»

«የማን ናት? ገራም ናት ወይስ ተራጋጭ? ዛሬስ በሕይወት አለች ወይስ ገደል ገብታለች? አየህ ምንይችል፣ ኮቴው አንድ ነገር እንዳለፈ ይነግርሃል። አንተ ግን ኮቴውን አይተህ ኮርቻ ጫንህበት።»

እስከ ቀትር ተከራከርኩ። ላቤ በጮቄ ብርድ ተንቆረቆረ። በመጨረሻ የኔታ ለምዳቸውን መለሱና፣ ቋጠሮውን እየፈቱ፣ «አልተረታህም፤ አልረታህምም። ነገ ተመለስ» አሉኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን ጥፋቴን እነግራችኋለሁ። በሚቀጥለው ሮብ ወደ ገበያው ወርጄ ከጓደኞቼ ጋር ጠላ ቤት ገባሁ። ሁለት ዋንጫ እንደጠጣሁ፣ «እኔ እግዚአብሔር እንደሌለም፣ እንዳለም ማስረዳት እችላለሁ! የኔታ ሁለቱንም አስተምረውናል!» ብዬ ተነሣሁ። መጀመሪያ የለም የሚለውን ያዝኩ። አምሮብኝ ነበር። ሁሉም አፉን ከፍቶ ይሰማኛል። አለ ወደሚለው ልሻገር ስል ጠላው አለቀና ሰው ተበተነ።

ከግድግዳው ጥግ ግን መሪጌታ ጫኔ ተቀምጠው ነበር። መሪጌታ የደብራችን የዜማ መሪ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቁጡና የተከበሩ ሰው ናቸው። አንድ ልጃቸው ባንዳ ሆኖ ጣሊያን ዘንድ ከገባ ወዲህ ግን ሰው ሲያያቸው ድምፁን ይቀንሳል። እሳቸውም ቤታቸው እንዳይጠረጠር ከማንም በላይ ጠላት ያድኑ ነበር። በማግሥቱ ፊታውራሪ ፊት ቆሙ።

«ይህ ሰው የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ ነው! ልጆቻችን ሃይማኖታቸውን ከጣሉ ለምን ብለው ጣሊያንን ይወጋሉ? የጣሊያን መልእክተኛ ነው፤ ከአገር ይውጣልኝ!»

የኔታም፣ «ለምዱን እንኳ ስላመኑልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ።

ሰው ሳቀ፤ ፊታውራሪ ግን አልሳቁም። ከአገር ይውጣ ማለት ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ከደጋው የተባረረን ሰው አርበኛ በየትኛውም መንደር አያስጠጋም፤ የሚቀረው ወደ ከተማው የሚወርደው መንገድ ነው። እዚያ ደግሞ ገመዱ አለ።

«ዘመቻ አለብኝ» አሉ ፊታውራሪ። «በሚቀጥለው ሮብ እፈርዳለሁ።»

«እስከዚያ ቢጠፋስ? በቁራኛ ይታሰርልኝ!» አሉ መሪጌታ።

«ይሁን፤ ይታሰሩ።»

መሪጌታ ይህን ሲጠይቁ ያላሰቡት ነገር ቢኖር፣ ቁራኛ ከሳሹንም እንደሚያስር ነው። የችሎቱ ቋጣሪ ሁለቱን ሸማ ጥርቅም አድርጎ ቋጠረና ሄደ። መሪጌታ ወደ ቤታቸው ሊሄዱ አንድ እርምጃ ሲራመዱ የኔታ ተከተሉ። የኔታ ወደ ተማሪዎቻቸው ዞር ሲሉ መሪጌታ ተጎተቱ።

እኔ ያን ቀን ወደ የኔታ ቀርቤ፣ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል፣ «ቀና በል» አሉኝ። «የቱን ነው ያስቀደምከው?»

«የለም የሚለውን፣ የኔታ።»

«ስህተትህ እሱ ነው። ጠላ ቤት ስትናገር አለ የሚለውን አስቀድም፤ ጠላ ሊያልቅ ይችላል።» እኔ ግን ያን ሰሞን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ያች ሳምንት ግን! እንዲህ ያለ ሳምንት አገራችን አይታ አታውቅም። መሪጌታ ሳይወዱ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ዋሉ፤ ጆሯቸውን በጣታቸው ሊደፍኑ ሲሞክሩ የኔታ እጃቸውን ባነሡ ቁጥር ሸማው ይስባቸዋል። ሁለቱ ሜዳ ለመውጣት እንኳ ተያይዘው ሲሄዱ ውኃ ቀጂዎች አይተው እንስራቸውን አስቀምጠው ይስቃሉ። እሑድ ማኅሌት ሲቆም ደግሞ ባሰ። ፊታውራሪ «ያልተፈረደበት ከሃዲ አይባልም» ስላሉ የኔታ ከመሪጌታ ጎን ቆሙ። በአገሩ ሁሉ እንደ የኔታ ያለ ድምፀ መጥፎ የለም። መሪጌታ ወደ ቀኝ ሲያሸበሽቡ የኔታ ወደ ግራ፤ መሪጌታ ሲያነሡ የኔታ ሲጥሉ።

መሪጌታ በመጨረሻ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ «እባክዎ ዝም ይበሉ! ክህደትዎን እስከ ሮብ እችለዋለሁ፤ ድምፅዎን ግን አልችለውም» አሏቸው።

ማታ ማታ ሁለቱም የሚበሉት መሪጌታ ቤት ነው። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩነሽ ሳቂታና ምላሰኛ ነበሩ፤ ልጃቸው ከሄደ ወዲህ ግን ሳቃቸው አጥሯል። እኔ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ የየኔታን ስንቅ ይዤ እሄድ ነበር። በሩን እንዳለፍኩ፣ «ና ግባ! አንድ ባል አግብቼ ሁለት እያጎረስኩ ነው!» ይሉኛል።

በአራተኛው ቀን፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ መሪጌታ ቱግ አሉ። «ይኸው አራት ቀን ሙሉ ይህንኑ ሰማሁ! እንግዲያው ከሃዲው የሚለውን ሁሉ ይበልና ይውጣለት!»

የኔታ በዝግታ ለምዳቸውን ገለበጡ። «እግዚአብሔር ቸር ነው ይላሉ። ሁሉን ይችላል ይላሉ። እንግዲያው አውሮፕላኑ መርዙን በእህላችን ላይ ሲረጭ ምን ይሠራ ነበር?»

መሪጌታ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከምድጃው በኩል እትዬ ጥሩነሽ፣ «የጣሊያንን ሥራ ለጣሊያን ተዉለት እንጂ! ልጄ ቢሰርቅ እኔ ነኝ የሰረቅሁት?» አሉ።

«አይደሉም» አሉ የኔታ። «እርስዎ ግን ልጅዎ ሌባ እንደሚሆን አላወቁም ነበር። እሱ አስቀድሞ ያውቃል። እርስዎስ ከመውለድዎ በፊት አውቀው ቢሆን ይወልዱት ነበር?»

የኔታ ስለ ባንዳው ልጅ አልሰሙም ነበር። መሪጌታ መሬት መሬት አዩ። እኔ በሩን አየሁ፤ የኔታም ፊታችንን አይተው ነገሩ ገባቸውና ደነገጡ። እትዬ ጥሩነሽ ጭልፋውን አስቀመጡ።

«እወልደው ነበር» አሉ።

የኔታ በዝቅተኛ ድምፅ፣ «ለምን?» አሉ።

«ልጄ ነዋ!» አሉ። ይህን እንዴት ትጠይቀኛለህ የሚል ቁጣ ነበረበት። «ይመለሳል ብዬ ነዋ። ባይወለድ ከየት ይመለሳል?»

የኔታ ከዚያ ለምዳቸውን አወለቁና፣ ጠጉሩን ወደ ውስጥ መልሰው ለበሱት። «እናቴ፣ ዛሬ ተረታሁ» ብለው እጃቸውን ሳሙ። በሕይወቴ የኔታ ሲሸነፉ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። መሪጌታ ፊታቸውን በሸማቸው ጫፍ ሲጠርጉ፣ ጫፉ የተቋጠረ ስለሆነ የየኔታንም ጋቢ አብረው አነሡት።

ሮብ ደረሰ። አገሩ ሁሉ ፊታውራሪ በተቀመጡበት ኮረብታ ተሰበሰበ። መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነኝ፤ ምስክር ነኝ። የተናገርኩት ንግግር እስከ ዛሬ ይታወሳል። ጥፋቱ ከእኔ ሁለት ዋንጫ እንጂ ከየኔታ እንዳልመጣ አስረዳሁ፤ ስለ ኮቴው፣ ስለ በቅሎዋ፣ ስለ ለምዱ በሰፊው ተናገርኩ። ፊታውራሪ በመጨረሻ፣ «ይህን ጎረምሳ አስቀምጡልኝ» አሉ። መሠረቱን ግን የጣልኩት እኔ ነኝ።

ፊታውራሪ ወደ መሪጌታ ዞሩ። «ሰባት ቀን አብረውት ዋሉ፣ አብረውት አደሩ። ይክዳል ወይስ አይክድም?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደገፉ። የኔታ ከጎናቸው፣ ሸማ ለሸማ እንደተያዙ፣ ከሩቅ የሚወርደውን የከተማ መንገድ ያያሉ።

«ይክዳል» አሉ መሪጌታ። ሰዉ አጉረመረመ። «ይክዳል፤ ጠዋት ክዶ ከሰዓት ያምናል። እኔ ግን፣ ፊታውራሪ፣ ልጄ ባንዳ ሆኖ የሄደ ዕለት እግዚአብሔርን አኮረፍኩት። አኩርፌው ሁለት ዓመት ሙሉ ማኅሌት ስመራለት ኖርኩ። ማንም አልጠየቀኝ፤ እኔም ማንንም አልጠየቅኩ። ከዚህ ሰው ጋር ከተቋጠርኩ ወዲህ ግን ከአምላኬ ጋር እጣላለሁ፣ እታረቃለሁ። ከኩርፊያ ጠብ ይሻላል።»

«ታዲያ ክሱን አነሡት?»

«አላነሣም! ገና አልረታሁትም። ከአገር ይውጣ የሚሉ ከሆነ ግን ቋጠሮው ስላልተፈታ እኔም አብሬው እወጣለሁ። የከሳሽ ደንብ ነው። የደብራችን የመድኃኔ ዓለምን ማኅሌት የሚመራ ይፈልጉ።»

ፊታውራሪ ጢማቸውን ጎተቱ። «እናንተ ሰዎች መውጫ አሳጣችሁኝ» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እስቲ ያንን የበቅሎዋን ነገር እንደገና ንገረኝ፣ የኔታ» አሉ።

የኔታ ለምዳቸውን ገለበጡ። ፊታውራሪ እየፎከሩ የሚከራከሩ ሰው ኖረዋል፤ ጎራዴያቸውን ይዘው፣ «ኮርቻውን እኔ ልጫን፣ አንተ በቅሎዋን አምጣ!» እያሉ እየዘለሉ፣ ከብት እስኪገባ ተከራከሩ። በመጨረሻ ላባቸውን ጠርገው፣ «ነገሩ ከባድ ነው። ለሚቀጥለው ሮብ ተቀጥሯል። ቋጠሮው ይፈታ፤ ተከሳሽ ዋስ ይጥራ» አሉ።

«እኔ ዋስ ነኝ» አሉ መሪጌታ። ከሳሽ ለተከሳሽ ዋስ ሲሆን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ሮብም ተቀጠረ። በሚቀጥለውም። ፊታውራሪ ከዘመቻ ሲመለሱ ጠመንጃቸውን ሳያወልቁ፣ «በመንገድ ላይ አንድ መልስ መጣልኝ» እያሉ ይመጡ ነበር። ጣሊያን ለቆ ሲወጣም ክሱ ገና በቀጠሮ ላይ ነበር። የእትዬ ጥሩነሽም ልጅ ተመለሰ፤ አቀርቅሮ፣ ድንጋይ ተሸክሞ። እናቱ ድንጋዩን ከትከሻው አውርደው፣ በሩ ላይ መቀመጫ አደረጉት። ፊታውራሪ ሌላ አገር ሲሾሙ የስንብት ቃላቸው፣ «ፍርዱን አልሰጠሁም፤ ቀጠሮው ይቆያል» የሚል ነበር። ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። የኔታም ከጮቄ ሥር አልወረዱም፤ እስከ መጨረሻው ቀን በምን ታወቀ እያሉ ኖሩ።

ቀብራቸው ላይ ደርሻለሁ። ከመሪጌታ ጫኔ መቃብር ጎን ነው ያረፉት፤ ራሳቸው የተናዘዙት ነው። አብራኝ የሄደችው የልጅ ልጄ ነበረች፤ ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ብልህ ናት፤ በእኔ ነው የወጣችው። ስንመለስ፣ «አባባ፣ እግዚአብሔር እኮ የለም። ትምህርት ቤት አስረድተውናል» አለችኝ።

«በምን ታወቀ?» አልኳት።

ጣቷን እየቆጠረች ማስረዳት ጀመረች። ጎበዝ ናት፤ አንዱን ነጥብ እንኳ ጠላ ቤት ከተናገርኩት የተሻለ አድርጋ አቀረበችው። እኔ ደግሞ መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ኮቴው፣ በቅሎዋ፣ የእትዬ ጥሩነሽ ጭልፋ። እንደ እኔ የሚናገር ሰው ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚከብደው እናንተ አታውቁትም። ዝም አልኩ። መንገዱ ዳር ቆሜ ካፖርቴን አውልቄ፣ ገበሩን ወደ ውጭ ገልብጬ ለበስኩት።

«አባባ! ሰው ያየናል!»

«ይየን። አሁን ከሃዲው እኔ ነኝ። አንቺ ጠበቃ ነሽ፤ አለ ብለሽ ትከራከሪያለሽ።»

«እኔ እኮ የለም ነው ያልኩት!»

«እሱን ሰምቻለሁ» አልኩና የጋቢዬን ጫፍ ከነጠላዋ ጫፍ ጋር ቋጠርኩት።

እስከ ቁይ እንዲሁ ሄድን። ገበያተኛው ቆሞ እየሳቀብን፣ እሷ መጀመሪያ እያፈረች፣ ቀጥላ እየተናደደች፣ በኋላም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ሦስት ጊዜ አፋጠጠችኝ፤ ለአንዱ እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም። ከቤቴ በር ስንደርስ እግሬም ደክሞ ነበርና ቋጠሮውን ልፈታ እጄን ስሰድ፣ እጄን ያዘችው።

«ቆይ አባባ» አለችኝ፤ «አልጨረስኩም።»